አሸዋ የሌለበት ሳንድብላስት፦ የአሮጌ ቮልስ ቸርኬን በግቢዎ ለቀለም ማዘጋጀት

ቀለም የቀቡት ቸርኬ ዓመት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ካስቸገርዎ ቀለሙን አይክሰሱ። ያልተዘጋጀው ከስር ያለው ብረት ነው። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱ ከብረቱ ሲለቅ አብሮት ይለቃል። የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት የላይ የላዩን ያነሳሉ፤ በተቦረቦረው ብረት ጉድጓድ ውስጥና በላሜራዎቹ መጋጠሚያ የተደበቀውን ግን አይደርሱበትም። ብሩሹ እንዲያውም ዝገቱን አወልውሎ ብረት ያስመስለዋል፤ ባለቤቱም ጸዳ ብሎ ይቀባዋል። እዚያ ጉድጓድ ድረስ ገብቶ የሚያጸዳው በአየር ግፊት የሚወረወር ቅንጣት ነው። ሥራውን በአገራችን ሁሉም ሳንድብላስት ይለዋል፤ ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው ከመኪና ሳይሆን ከበርና ከመታጠቢያ ቤት ደብዛዛ መስታወት ነው።

የቮልስን ቸርኬ ለምሳሌ የመረጥኩት ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ዕቃ ስለማላውቅ ነው። ወፍራም ነው፣ አይጣመምም፣ ቢሳሳቱበት ይታረማል። ደግሞም የሚገባው ዕቃ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው ትንሽ መኪና ነበር፤ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ አንድ ሁለት አይጠፋም። ፋብሪካው ግን የመጨረሻዋን ሜክሲኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 አምርቶ አቁሟል። ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ዞረው የሚያገኙት ቸርኬም የእርስዎን ያህል የዛገ ነው። ያለዎትን ማዳኑ ይሻላል።

አሸዋው ይቅር

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ስሙ የአሸዋ ነው እንጂ አሸዋ አይጠቀሙ። የወንዝም ይሁን የግንባታ፣ የታጠበም ይሁን የተነፋ፣ አይጠቀሙ።

አሜሪካዊው ቤንጃሚን ቺው ቲልማን ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1870 በስሙ ሲያስመዘግብ የሚረጨው በእርግጥም አሸዋ ነበር፤ ስሙ ከዚያ የቀረ ነው። አሸዋ ውስጥ ኳርትዝ አለ። ኳርትዝ ደግሞ ሲሊካ ነው። ቅንጣቷ በዚያ ፍጥነት ብረት ስትመታ ትደቃለች፤ ከስባሪው የሚነሳው ብናኝ ከሰው ፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ የቀጠነ በመሆኑ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም። እስከ ሳንባ ጫፍ ይወርዳል፤ እዚያው ይቀራል፤ ሳንባውም በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። መድኃኒት የለውም፤ ሥራውን ካቆሙም በኋላ ሊብስ ይችላል። እንግሊዝ ብረትን በአሸዋ ረጭቶ ማጽዳትን እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው ደንብ ከልክላለች። ቱርክ ጂንስ ሱሪ ለማስረጀት አሸዋ ሲረጩ የነበሩ ወጣቶቿ በዚሁ በሽታ ሲወድቁ አይታ እ.ኤ.አ. በ2009 አግዳዋለች።

ሥራ በለመድኩበት ጋራዥ አሸዋ በወንፊት ነፍተን በርሜል ሙሉ እናዘጋጅ ነበር። አፋችንን በሻሽ እንሸፍናለን። ማታ ሻሼን ፈትቼ ሳራግፍ ግራጫ አቧራ ቡን ሲል አይ ነበርና “ይኸው ያዘልን” ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ሻሹ የያዘው ዓይኔ የሚያየውን ነበር። የሚገድለው በሽመናው ክር መሐል አልፎ የሚገባው ነው። ያሠለጠነን ሰውዬ ደረጃ ሲወጣ ሦስት ጊዜ እየቆመ ያርፍ ነበር፤ እኛ ሲጋራው ነው እንል ነበር። ሲጋራው ይሁን አሸዋው ዛሬ መናገር አልችልም። አሸዋ ግን ከዚያ ወዲህ አልነካሁም፤ እርስዎም እንዳይነኩ አጥብቄ እለምናለሁ።

ታዲያ ምን ይረጫል? ለዛገ ቸርኬ የሚሆኑት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጋርኔት ነው፤ ቀላ ያለ የተፈጥሮ ማዕድን ሲሆን ነጻ ሲሊካው እጅግ አነስተኛ ነው፤ ሲገዙት ግን ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ሁለተኛው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ቡናማ ነው፣ እጅግ ጠንካራ ነው፣ ዝገቱን ፍቆ ይጥለዋል፣ በወንፊት እየተነፋ ደጋግሞ ይሠራል። ሲገዙት ውድ ይመስላል፤ ደጋግመው ሲጠቀሙበት ግን ይረክሳል። ቁጥሩ ከ80 እስከ 120 ያለው ለቸርኬ ይስማማል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቅንጣቱ ሻካራ፣ ሲበዛ ደቃቅ ይሆናል። የት እንደሚገኝ ካላወቁ መስታወት ሳንድብላስት የሚያደርግ ቤት ገብተው ይጠይቁ፤ የሚረጩት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ሆኖም አሸዋ ሲረጩ ካዩ አመስግነው ይውጡ።

የመስታወት ዶቃ የሚባለው ደቃቅ ድቡልቡል ቅንጣት ዝገት አይቆርጥም፤ ብረቱን ይቀጠቅጠዋል እንጂ። ለአሉሚኒየም ዕቃ ማለስለሻ ይሁን። ከድንጋይ ከሰል አመድ የሚሠራውን ጥቁር ቅንጣት ደግሞ ርካሽ ቢሆንም እኔ ቤቴ አላስገባውም፤ ከሲሊካ ያመልጣሉ እንጂ በውስጡ እንደ ቤሪሊየም ያሉ መርዘኛ ብረቶች ይኖራሉ።

ምን ይረጫል፣ ምን አይረጭም

ቸርኬ፣ የፓራውልት መያዣ፣ ፔዳል፣ የወንበር ሐዲድ፣ ባትሪ ማስቀመጫ፦ እነዚህን ያለ ፍርሃት ይርጩ። ኮፋኖ፣ በርና ጣሪያ ግን አይንኩ። ሰፊና ስስ ላሜራ ሲረጭ ይጎረብጣል። ብዙ ሰው በሙቀት ነው ይላል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ጥቃቅን መዶሻ የብረቱን ፊት ይመታዋል፤ የተመታው ፊት ይለጠጣል፤ ጀርባው ባለበት ይቀራል፤ ላሜራውም ሆዱን ይነፋል። እኔ አንድ ኮፋኖ እንዲህ አበላሽቻለሁ። ቀጥቃጭ ዘንድ ወስጄ፣ በስቱኮ አስሞልቼ፣ አሁንም ፀሐይ በጎን ሲመታው እብጠቱ ይታየኛል።

ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሲሊንደር፣ ካርቡሬተርና የሞተር አካል በጭራሽ አይረጩም። ቅንጣቱ በዘይት ቀዳዳ ገብቶ ይደበቅና ሞተሩ ሲነሳ ይወጣል፤ የዚያን ጊዜ ዘይቱ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ማጠብ ይቀድማል

ጎማውንና ከመነዳሪውን ጎሚስታ ዘንድ ያስወልቁ። እዚያው እያሉ ቸርኬውን አዙረው ይዩት። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ እንቁላል ከመሰለ፣ ገንዘብም ጉልበትም አይጨምሩበት፤ ቸርኬው አልቋል። ጎማ የሚቀመጥበት ጠርዝ በዝገት ተበልቶ ስስ ከሆነም እንደዚያው።

ደህና ከሆነ ይታጠብ። ይህን ሰው ይዘላል፤ ዝገት ለማንሳት እንጂ ቅባት ለማንሳት አልተነሳም። ግን ግሪስ ያለበትን ብረት ሲረጩ ሁለት ነገር ይበላሻል። ቅንጣቱ ግሪሱን ወደ ብረቱ ይደፈጥጠዋል፤ ከሳጥኑ ስር የሚሰበሰበው ቅንጣትም ራሱ ቅባት ይዞ የሚቀጥለውን ዕቃ ይለቀልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በነጭ ጋዝና በብሩሽ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በኦሞ ይታጠብ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበትና ይመልከቱ። ውሃው እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ከወረደ ቅባቱ ወጥቷል። እንደ ዶቃ ከተሰበሰበ አልወጣም፤ ይድገሙት።

የቆየ ቀለም ካለበት አንድ ጥንቃቄ አለ። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ወፍራሙን ንብርብር በቀለም ማንሻ ኬሚካል አርጥበው፣ በስፓቱላ ፍቀው፣ ፌስታል ውስጥ ይሰብስቡት። በደረቁ አይፋቁት፤ በእሳትም አያቃጥሉት። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ዝገትና የቀለም ርዝራዥ ብቻ ይሁን። ልጆች ካሉ ይህን ቀን ከግቢው ይራቁ።

ሳጥኑ

ሜዳ ላይ መርጨት አልመክርም። አቧራው ለጎረቤት ይደርሳል፤ ቅንጣቱ ይባክናል፤ ከሁሉም በላይ ሜዳ ላይ የሚረጭ ሰው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ሙሉ ቆብ ያስፈልገዋል። ቤት ውስጥ ይህን ማሟላት ይከብዳል። ዝግ ሳጥን ግን ከኮምፔርሳቶና ከሞራሌ በሁለት ቀን ይሠራል።

ለ15 ኢንች ቸርኬ ውስጡ ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 60፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ቸርኬውን እንደ ልብ ለማገላበጥ ከዚህ አያሳንሱት። ወለሉን ጠፍጣፋ አያድርጉት። ከአራቱም በኩል እንደ ማጥለያ ወደ መሐል ይውረድ፤ ቁልቁለቱ ከ45 ዲግሪ ካነሰ ቅንጣቱ አይንሸራተትም፤ እየተከመረ ያስቸግራል። ከማጥለያው በላይ ጠንካራ የብረት ወንፊት ይዘርጉ፤ ቸርኬው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ፊት ለፊት በትከሻዎ ስፋት ልክ ሁለት ቀዳዳ ይቁረጡና እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንት በክላምፕ ይሰሩበት። ከላይ ዘንበል ያለ መስኮት ይኑረው፤ መስታወቱ ላይ ውስጥ በኩል የሚለወጥ ቀጭን ፕላስቲክ ይለጥፉ፤ አለዚያ ከአንድ ቸርኬ በኋላ ያው ደብዛዛ መስታወት ይሆንና ምንም አይታይዎትም። መብራቱ የ12 ቮልት ይሁን። መጋጠሚያውን ሁሉ በሲልከን ይዝጉ፤ የመግቢያው በር ዙሪያ ላይ የጎማ ማሸጊያ ይለጥፉ።

ከዚያ አቧራውን ማውጫ። ሳጥኑ ጎን ላይ ለአየር መግቢያ ትንሽ ቀዳዳ፣ በተቃራኒው ጎን ላይ ለመምጠጫ ቱቦ ሌላ ቀዳዳ ያብጁ። ቫኪዩም ክሊነሩን በቀጥታ አይሰኩት፤ መሐል ላይ ክዳን ያለው ባልዲ ያስገቡ፤ ከባዱ ብናኝ እዚያ ይወድቃል። የመምጠጫው ማጣሪያ ደቃቁን የሚይዝ ዓይነት ካልሆነ ብናኙን ከሳጥን አውጥቶ ፊትዎ ላይ ይረጨዋል፤ ይህን ሲገዙ ይጠይቁ። ሲሠራ ሳጥኑ አየር ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። መሳቡን ለማወቅ ቀጭን ክር በመግቢያው ቀዳዳ ላይ ይያዙ፤ ክሩ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ጥሩ ነው።

አንዲት ሽቦም አይርሱ። ቅንጣቱ በቱቦ ውስጥ ሲሮጥ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይጠራቀምና ክንድዎን ይነዝርዎታል። ቅንጣቱን ከሚተፋው መርጫ ብረት ወደ ወንፊቱ፣ ከወንፊቱ ወደ መሬት የሚሄድ ሽቦ ይሰሩለት።

አየር

ሰው በብዛት ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር ይገዛል፤ 8 ባር ስለሚያሳይ የሚበቃው ይመስለዋል። ግፊቱ ይበቃል፤ የማይበቃው የአየሩ ብዛት ነው። ባለ 3 ሚሊ ሜትር የመርጫ አፍንጫ በ80 ፒኤስአይ፣ ማለት 5.5 ባር ገደማ፣ በደቂቃ ወደ 500 ሊትር አየር ይጠጣል። ትንሹ ኮምፕሬሰር የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የዚያን ግማሽም አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናትና አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋኑን ለመሙላት ፋብሪካው ከጻፈው በላይ ይደክማል።

መፍትሔው ትልቅ ኮምፕሬሰር መግዛት ብቻ አይደለም። አፍንጫውን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያድርጉት፤ ጋኑ ትልቅ ይሁን፤ አንድ ደቂቃ ረጭተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። በዚህ አካሄድ አንድ ቸርኬ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሞተሩን ያለ ዕረፍት ቢያሠሩት ይጋላል፤ የሚነፋው አየርም አብሮት ይሞቃል፤ ሙቅ አየር ደግሞ ውሃውን በእንፋሎት መልክ ይዞ መጥቶ መርጫው ላይ ያራግፈዋል።

ውሃው ዋና ጠላትዎ ነው። እርጥብ ቅንጣት እንደ ጭቃ ይጓጉላል፤ መርጫው ይታፈናል፤ ከዚያ የከፋው የጸዳው ብረት ወዲያው ይዝጋል። ስለዚህ ከኮምፕሬሰሩ እስከ ውሃ ማጥመጃው ድረስ 10 ሜትር ያህል ቱቦ ጠቅልለው ያስገቡ፤ አየሩ በመንገድ ላይ ይቀዘቅዝና ውሃው ማጥመጃው ውስጥ ይወድቃል። ማጥመጃውን ኮምፕሬሰሩ ጎን ከተከሉት ምንም አይዝም። ጋኑንም በየቀኑ ከስሩ ከፍተው ያፍስሱት፤ በክረምት የሚወጣው የዛገ ውሃ ብዛት ያስደነግጥዎታል።

ልብስና መተንፈሻ

ሳጥኑ ዝግ ቢሆንም ያለ መተንፈሻ አይሠራም። በሩን ሲከፍቱ፣ ቅንጣቱን ሲነፉ፣ ባልዲውን ሲደፉ የሚነሳው ብናኝ በዚያች ቅጽበት ይገባል። የሚያስፈልገው አፍና አፍንጫ ላይ ግጥም ብሎ የሚቀመጥ ጎማ ሆኖ ፒ3 ወይም ፒ100 የሚል ማጣሪያ ያለው ነው። የሐኪም ማስክ፣ ሻሽ፣ ነጠላ፣ እነዚህ ለዚህ ሥራ የሉም። ጢም ካለዎት ይላጩ፤ በጢም በኩል አየር ይሾልካል። ማጣሪያዎቹን በመዳፍዎ ዘግተው ወደ ውስጥ ይተንፍሱ፤ ጎማው ፊትዎ ላይ ከተጣበቀ ልኩ ነው፤ አየር ከገባ ቀበቶውን ያስተካክሉ።

መነጽርና የጆሮ መከላከያ ያድርጉ፤ ድምፁ ከባድ ነው፤ ጎረቤትንም አስቀድሞ ማስፈቀድ ጨዋነት ነው። የሥራውን ልብስ ግቢ ውስጥ ያውልቁ፤ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ።

ይህን መተንፈሻ ማግኘት ካልቻሉ ቸርኬዎቹን ጭነው ሥራው ወዳለው ድርጅት ይውሰዷቸው። ለአራት ቸርኬ የሚከፍሉት ገንዘብ ከሳንባዎ አይበልጥም።

መርጨት

የቡሎን መቀመጫዎቹን በወፍራም ፕላስተር ደራርበው ይሸፍኑ። የቮልስ ቡሎን አንገቱ ድቡልቡል ነው፤ የሚቀመጥበት ጎድጓዳም ለስላሳና ልክ መሆን አለበት፤ ሲረጭ ልኩን ይስታል።

መጀመሪያ ቁራጭ ብረት ላይ ይለማመዱ። ከ40 ፒኤስአይ ጀምረው ከፍ ያድርጉ፤ 80 ላይ ሲደርሱ ይብቃዎት። መርጫውን ከብረቱ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ ቀጥ ሳያደርጉት በ60 ዲግሪ ገደማ አጋድመው ይያዙ። ቀጥ ካደረጉት ቅንጣቱ ነጥሮ ከሚመጣው ጋር ይላተማል፤ ጉልበቱ ይባክናል። ቀለም ለመግፈፍ የበለጠ ያጋድሙት፤ ጉድጓድ ውስጥ ለገባ ዝገት ቀና ያድርጉት። አንድ ቦታ ላይ አይቁሙ። እንደ ልብስ ተኳሽ እጅ መስመር በመስመር፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ እየደረበ ይሂድ።

ከጀርባው ይጀምሩ። እጅዎ የሚላመደው እዚያ ነው፤ ስህተቱም አይታይም። ክቡና መሐለኛው ሳህን የሚጋጠሙበትን ቀጭን ክፍተት ከሁለቱም በኩል ይምቱት፤ የቮልስ ቸርኬ የሚበሰብሰው ከዚያ ጀምሮ ነው። ዝገቱ ሲወጣ ቡናማ ጭስ መስሎ ይታያል፤ ጭሱ ሲነጣ ጸድቷል ማለት ነው። የጸዳው ብረት አያበራም። እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ፣ ደብዝዞ፣ ከየትም በኩል ቢያዩት አንድ ዓይነት ይሆናል። ጥቁር ነጥብ ከቀረ ዝገት ነው፤ ይመለሱበት።

የፊቱን ሳህን ሲረጩ ቀስ ይበሉ። በብዙዎቹ ቸርኬዎች ላይ የተሠሩበት ወርና ዓመት በትናንሽ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። የመጨረሻው ያጸዳሁት ላይ ምንም የሚታይ አልነበረም፤ አራት ንብርብር ቀለም ነበረው፤ ከላይ ብር፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከስር ክሬም። በቀለም ማንሻው ያልተነሳው የክሬም ርዝራዥ ሲነሳ በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ በቀዳዳዎቹ መሐል አንድ 7 ብቅ አለ፤ መርጫውን አርቄ ግፊቱን ቀንሼ ሁለት ጊዜ ሳልፍበት አጠገቡ 66 ወጣ። በ80 ፒኤስአይ ብቀጥል ኖሮ ጠርዙ ይደመሰስ ነበር። ከመርጨትዎ አስቀድመው ቦታውን በጣትዎ ዳስሰው ያግኙት፤ ሲደርሱ 40 ላይ ይውረዱ።

እጅግ የተቦረቦረ ቦታ ካገኙ ቅንጣቱን እዚያው አያዝንቡ። በትንሽ ካቻቢቴ ጫፍ ይውጉት። ከበሳው ሥራው መቆም አለበት፤ ቸርኬ ብየዳ የማይፈቀድለት ዕቃ ነው።

ሲጨርሱ መተንፈሻዎን ሳያወልቁ አምስት ደቂቃ መምጠጫው እንዲሠራ ይተዉ። ከዚያ በሩን ይክፈቱ። ቸርኬውን በደረቅ አየር ይንፉት፤ በተለይ ክፍተቱን። ባዶ እጅዎን አያስነኩት። የመዳፍ ላብ ጨው አለው፤ በነጋታው የአምስት ጣት አሻራ ዝገት ሆኖ ያገኙታል። ንጹሕ የጥጥ ጓንት ያድርጉ።

ቅንጣቱ ውስጥ የቀለምና የዝገት ብናኝ ስላለ የተበላሸውን አትክልት ላይ አይድፉ፤ ከሲሚንቶም ጋር አይቀላቅሉ። ጆንያ ውስጥ አስረው ከቆሻሻ ሰብሳቢው ጋር ይነጋገሩ።

ቀለም፣ ሳይመሽ

የተረጨ ብረት ራቁቱን ነው። በበጋ አራት ሰዓት ሊታገስ ይችላል፤ በክረምት ግን ሁለት ሰዓት እንኳ አይመኑት። ሐምሌ ላይ ሁለት ቸርኬ አጽድቼ ሲመሽብኝ “ነገ እቀባቸዋለሁ” ብዬ ቆርቆሮ ስር አስገባኋቸው። ዝናብ አልነካቸውም። ጠዋት ስመጣ ግን ሁለቱም የሸክላ ምጣድ መስለው ጠበቁኝ። ሙሉውን ሥራ ደገምኩት። ስለዚህ አንድ ቸርኬ ረጭተው ወዲያው ይቀቡ፤ አራቱን አንድ ላይ አይርጩ። ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ከተነሳ በኋላ ይጀምሩ፤ ደመና ከከበደና እርጥበት ከተሰማዎት ለሌላ ቀን ያቆዩት።

የመጀመሪያው ቀለም ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ፕራይመር ቢሆን ይመረጣል። ካላገኙ ጥሩ አንትረስት ይሠራል። ስቱኮ በራቁት ብረት ላይ አያድርጉ፤ ከኢፖክሲው በኋላ ይሁን። ቅንጣቱ ብረቱን ያሻከረው ቀለም እንዲነክስ ነው፤ ሻካራነቱም ጫፍና ጎድጓዳ አለው፤ አንድ ስስ ቅብ ጫፎቹን ሳይሸፍን ይቀርና ዝገት ከዚያ ይነሳል። ሁለት ቅብ ያድርጉ። በጨርቅ አይጥረጉት፤ ሻካራው ብረት የጨርቁን ክር ይነቅላል፤ አየር ብቻ ይንፉበት። ክፍተቱ ውስጥ ፕራይመሩን በትንሽ ብሩሽ ይግፉት፤ መርጫ ብቻውን አያደርሰውም። ኢፖክሲውን ሲቀቡ የአቧራው ማጣሪያ አይበቃም፤ ለቀለም ጋዝ የሚሆነውን ይጨምሩበት፤ ቦታውም አየር የሚያገኝ ይሁን።

ከመነዳሪ የሚነካውን የውስጥ ክብ ለስላሳ አድርገው ይቀቡት፤ ሻካራ ከቀረ ከመነዳሪውን ይበላዋል። የቡሎን መቀመጫዎቹን ግን አይቀቡ። ወፍራም ቀለም በቡሎኑና በቸርኬው መሐል ከገባ በጉዞ ይጨፈለቃል፤ ቀለሙ ሲያልቅ ቡሎኑ ይላላል። የፍሬኑ ከበሮ ላይ የሚያርፈው የጀርባ ፊትም እንዲሁ ስስ ይሁን።

ላይኛው ቀለም የእርስዎ ምርጫ ነው። ፕራይመሩ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ይጠብቅ፤ ከተቻለ ጎማውን ከመግጠምዎ በፊት ቸርኬውን አንድ ሳምንት ፀሐይ ያግኘው። ጎሚስታው ሲገጥም በብረቱ ጠርዙን እንዳይፍቅ ጨርቅ እንዲያደርግ አስቀድመው ይንገሩት። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ያጥብቁ፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ይቁሙና ሁሉንም እንደገና ያጥብቁ።